ወይራ ውሃ የጎደለ ዕለት

ወንዝ ሞላ ብሎ የሚንጫጫ ሰው ሳይ ሳቄ ይመጣል። የሞላ ወንዝ ምን ያስፈራል? ያገሳል፣ ይደፈርሳል፣ ድንጋይ ያንከባልላል፤ መጣሁላችሁ እያለ ነው የሚመጣው። ነፍሴን የሚያወጣት የጎደለ ወንዝ ነው። በክረምት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ወንዙ ጎደለ ያላችሁኝ ቀን ነጠላ አልደርብም፣ በር አልዘጋም፤ ሽቅብ ነው የምሮጠው። የሰፈሩ ልጆች «እትዬ ደመቀች ደግሞ ጀመራት» ይሉኛል። ይበሉ። እነሱ ያን ቀን አላዩትም።

ቤቴ አንኮበር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል፣ ወይራ ውሃ የሚባለው ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ባሌ ቄስ ነበሩ፤ ሲሞቱ የተዉልኝ አንዲት ልጅ ነች፤ ለተጊዮርጊስ። እኔ ለቴ እላታለሁ። ዲያቆን ዘርአ ዳዊትን አገባችና ጎጆዋን ከኔ ጓሮ ቀለሰች። አንደበቷ ማር ነው፤ ግን አንዴ ካለች አለች ነው፣ የሚመልሳት የለም። ይህን ከማን እንደ ወረሰችው አትጠይቁኝ። ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም አስወረዳት። በዚያ ክረምት ሦስተኛው ሆዷ ገፍቶ ወሯ ገብቶ ነበር። እኔም ዛሬ ምን እሰማ፣ ነገ ምን እሰማ እያልኩ እንቅልፍ የሚባል ካይኔ ጠፋ። ጸሎቴ ሁሉ አንድ ነበር። ይህችን ልጅ ከነሆዷ አትንካብኝ፣ ሌላውን እንደ ፈቃድህ እለው ነበር አምላኬን።

ብርሃነ መስቀል የመጣው ከዚያ ቀደም ባለው በጋ ነው። ከደብረ ብርሃን፣ ከእርሻ ሰዎች ዘንድ የተላከ ወጣት ነው፤ ቁምጣ የለበሰ፣ ቅልጥሙ የቀጠነ፣ በቅሎ ላይ ሲወጣ በቅሎዋ የተጫነች የማይመስላት ዓይነት። መጀመሪያ ያየሁት ወንዝ ውስጥ አጎንብሶ ድንጋይ ሲገለብጥ ነው።

«ምን ጥለህ ነው ልጄ?» አልኩት ከአፋፉ ላይ።

«ትል እየፈለግሁ ነው እናቴ» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ወረድኩና አየሁ። ከድንጋዩ ሥር ጭራው ሦስት የሆነ፣ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ይርመሰመሳል። «ይህ እስካለ ውሃው ጤነኛ ነው። ይህ ሲጠፋ ነው መፍራት» አለኝ።

«እና ዕድሜ ልኬን ትል ስጠጣ ኖርኩ ልትለኝ ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

ሳቀ። ሲስቅ ገና ልጅ ነው፤ ሆዴ ራራለትና ቤቴ አስገብቼ ቆሎ አቀረብኩለት። በማግስቱ ከቤቴ ፊት ለፊት ውሃው ውስጥ ሳንቃ አቆመ። ላዩ ቀይ፣ መሐሉ ነጭ፣ ታቹ ጥቁር የተቀባ ነው። ጠዋት ጠዋት ውሃው የትኛው ቀለም ላይ እንደ ደረሰ እያየሁ እንድነግረው ለመነኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቀለም ለመለየት ግን ፊደል ምን ያደርጋል? እሺ አልኩት።

«ቀዩን ከነካ ሰው ይላኩብኝ» አለኝ።

«ጥቁሩስ ቢራቆት?» አልኩት፤ ላሾፍበት ነበር።

ፊቱ ተለወጠ። «በበጋ ከሆነ ግድ የለም። በክረምት፣ ዝናብ እየዘነበ ጥቁሩ ከታየ ግን ከላይ አንድ ነገር ዘግቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ እኔን አይፈልጉኝ። ከወንዙ ይራቁ፤ ሰውም ያርቁ። የዘጋው ነገር ሲለቅ ቀስ ብሎ አይለቅም።»

እንዲህ ያለው ወዶ አይደለም። ከወንዙ በላይ ያለው ቁልቁለት ኮሶ አፋፍ ይባላል። በልጅነቴ ኮሶው፣ ወይራው፣ ጽዱ ሰማይ አያሳይም ነበር፤ ወይራ ውሃም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ጭቃ ሹም ወልደአረጋይ ርስቱ ነውና ደኑን ጨፍጭፎ፣ ጉቶውን አቃጥሎ ገብስ ዘራበት። ጭቃ ሹም ማለት ያኔ የአጥቢያው ሹም ነው፤ ግብር የሚያስገባ፣ ነገር የሚያይ፣ ከዘራውን ይዞ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሣለት። ብርሃነ መስቀል ገብሱ መሐል ወጥቶ አይቶ ተመለሰና የሰው እግር የሚውጥ ስንጥቅ አየሁ አለን። አፈሩን የያዘው ሥር ነበር፤ ሥሩ በስብሶ ሲያልቅ ተራራው ተንሸራቶ ይወርዳል አለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ልጁ ያሰበውን ተናገረ። ኮሶ አፋፍ ከላይ እስከ ወገቡ ከመጥረቢያ፣ ከማረሻና ከከብት ይከለል፤ ከወገቡ በታች የድንጋይ እርከን ይሠራ፤ ኮሶና ወይራ ተመልሶ ይተከል። ችካልና ገመድ ሳይቀር አምጥቶ ነበር።

ጭቃ ሹሙ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። «ወገኖቼ፣ የአያቶቼን ርስት ለትል ልስጥ ነው የምትሉኝ?» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቱ አልታየች እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

ደሜ ፈላ። «ትሉ ይሻላል! ትል ደን አይመነጥርም!» አልኩ ከሴቶቹ መሐል። አንዱ «ቀበጠች» አለ፣ ሌላው «ተዉአት፣ የመንግሥት ትል ጠባቂ ሆናለች» አለ። ያ ስም ወጥቶልኝ ቀረ። ችካሎቹንም ጭቃ ሹሙ ወስዶ በሬ አሰረባቸው። ብርሃነ መስቀል ከበላይ ሹሞች ትእዛዝ አመጣለሁ ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነና ሳይመለስ ቀረ።

አቤት ያ ክረምት! ወይራ ውሃ ቀይ ጭቃ ሆነ። ውሃ ቀድቼ አጥልዬ፣ አጥልዬ፣ ከእንስራው ሥር አፈር ዝቄ አወጣለሁ። ድንጋይ እየገለበጥኩ ብፈልግ ያ ባለ ሦስት ጭራ የለም። ትል አጣሁ ብሎ የሚጨነቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነበርኩ። ነሐሴ ሲገባ ጭራሽ ሰማዩ ተከፈተ። ውሃው ቀዩ ላይ ወጣ፣ የታችኛውን መሻገሪያ ወሰደ፣ ሁለት ጥጃ በላ። ካህናቱ ምህላ ያዙ። ጠዋት ማታ «እግዚኦ» እያልን ውሃው እንዲጎድልልን ለመንን። ለቴም ያን ሆድ ይዛ ከሁሉም በላይ ትሰግዳለች።

ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው። ያን ቀን የሚወርደው ዝናብም፣ የሚፈሰው ወንዝም ጠበል ነውና ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ወንዝ ወርዶ ይጠመቃል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ትቀድማለች፤ ሩፋኤል ማኅፀን የሚፈታ መልአክ ነው። ለቴ ያን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

«ወንዙ ሞልቷል፤ ከዳር ቆመሽ ይርጩሽ» አልኳት በዋዜማው።

«እሺ እማዬ» አለችኝ። እሺ ማለቷ እንኳ አላጽናናኝም።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ጸጥታው ነው። ነሐሴን ሙሉ ያ ወንዝ ከራስጌዬ ሲያገሳ ከርሞ፣ ያን ጠዋት ድምፁ የለም። ዝናቡ ግን ክዳኑን እየደበደበ ነው። ወጣሁ። ጭጋግ ነው። አፋፉ ላይ ቆሜ ሳንቃውን ፈለግሁ። ቀዩ ደረቅ፤ ነጩ ደረቅ፤ ጥቁሩም ራቁቱን ቆሟል። እግሩ ሥር ያሉት ድንጋዮች ሳይቀሩ ተገልጠው ጭቃቸው ይብለጨለጫል። በመሐላቸው የምትንኳለለው ውሃ ቅጠልና የተበጣጠሰ ሥር ተሸክማለች። እርጥብ አፈር ሸተተኝ፤ መቃብር ሲቆፈር የሚሸተው ዓይነት።

እዚያው ደርቄ እንደ ቆምኩ ረሺድ በበቅሎው ብቅ አለ። ረሺድ ከአሊዩ አምባ በርበሬና ጥጥ እያመጣ የሚሸጥ ነው፤ ባሌ በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ከቤታችን ይውላል። እርሻው ከኛ ቁልቁል በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። በዝናብ ርሷል፤ ተቆጥቷልም።

«እትዬ ደመቀች፣ እንዴት አደሩ? ውሃውን ማን ያዘብን? የናንተ ሰዎች ወደ ሌላ ቦይ ቀየሱት ወይ?»

«ማንም አልነካው ረሺድ።»

«ወላሂ ወንዙ ደርቋል። የሰፈሩ ሕፃናት መሐሉ ገብተው ዓሣ በእጃቸው ሲለቅሙ ትቻቸው ነው የመጣሁ።»

«አስወጣቸው!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «ተራራው ነው የያዘው! ኮሶ አፋፍ ተንዶ ዘግቶታል! ሊለቅ ነው ረሺድ፣ ልጆቹን አስወጣ!»

ፊቴን አየና አንድም ነገር አልጠየቀም። «ያ አላህ!» ብሎ በቅሎውን አዞረ። እዚያው አፋፍ ላይ ቆሞ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ቆላው ተጣራ። ከታች ሌላ ድምፅ ተቀበለው፤ ከዚያም በታች ሌላ። በዚያ አገር ወሬ እንዲያ ነው የሚወርደው፤ ከአፋፍ አፋፍ በጩኸት ይቀባበሉታል። እሱም እየጮኸ ቁልቁል ሄደ።

ወደ ለቴ ጎጆ በረርኩ። እሳቱ ተዳፍኗል፤ ነጠላዋ ከተሰቀለበት የለም። ዘርአ ዳዊት ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጄ ወርዳለች።

እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። ሳማ ለበለበኝ፣ ሁለቴ ወደቅሁ። መጠመቂያው ከቤቴ ታች፣ ወንዙ በሁለት ገደል መሐል ሰፋ ብሎ የሚተኛበት ቦታ ነው። ደርሼ ሳይ፣ አጥቢያው በሙሉ እዚያ ነው። ከዳር አይደለም የቆመው፤ ወንዙ መሐል ነው። መሐሉ ላይ ክረምት ሙሉ ውሃ የሚውጠው ሰፊ ድንጋይ አለ፤ የሩፋኤል ድንጋይ ይሉታል፤ ከሥሩ ምንጭ ይወጣል። ያን ቀን ውሃው ጎድሎ ስላገኙት ሁሉም እዚያ ላይ ሰፍሯል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። አባ ገብረመንፈስቅዱስ መስቀላቸውን ይዘው ይረጫሉ። ለቴ ከነፍሰ ጡሮቹ ጋር ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ውሃው ውስጥ አንጠልጥላለች። በቀሚሷ ውስጥ ሆዷ ከሩቅ ይታያል።

«ውጡ!» አልኩ ከዳር ሆኜ። «ኧረ በሩፋኤል! ውጡ! ከላይ ተዘግቷል፤ ሊለቅ ነው!»

ሰዉ ዞር ብሎ አየኝና ተመልሶ ጠበሉን ያዘ። ምን ይፈረድባቸዋል? ሁለት ሱባዔ ጎድልልን ብለው ለምነዋል፤ ጎደለላቸው። ጸሎታችሁ አልተሰማም፣ ይህ ሞት ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል?

«ደመቀች ልጄ፣ ተረጋጊ» አሉኝ አባ፣ በደግነት። «መልአኩ ውሃውን አበረደልን። ነይ፣ ተጠመቂ።»

«አባቴ፣ ዝናቡ መቼ ቆመ? ውሃው የት ሄደ ታዲያ? የት ሄደ?»

አባ ቀና ብለው ዝናቡን አዩ። ለቴ እጇን አወዛወዘችልኝ። «እማዬ! ነይ፣ ውሃው ደስ ይላል!» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ድምፅ ያስፈራኝ የለም። ወደ እሷ ልገባ ቀሚሴን ሰብሰብ ሳደርግ ጭቃ ሹሙ ከድንጋዩ ጫፍ ተነሣ።

«ምነው አንቺ ሴትዮ፣ በዓሉን ልታውኪብን ነው? ትልሽን ሄደሽ አትጠብቂም?» ሰዉ ሳቀ።

ያን ጊዜ አፌን ማን ይያዘው። ለወትሮው አንቱ ነበር የምለው። «ያንተ ገብስ ነው የሚመጣብን!» አልኩት። «አንተ ያረድከው ተራራ ነው! የነዚህ ሁሉ ደም በራስህ ነው፣ ወልደአረጋይ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ፊቱ ደም መሰለ። ከዘራውን አነሣና «ቁሚ! በንጉሥ አምላክ ቁሚ!» አለኝ።

እናንተ የዛሬዎቹ ይህ ምን እንደሆነ አታውቁም። ያኔ በንጉሥ አምላክ ከተባልክ ካለህበት ንቅንቅ የለም። ባልቴትም ሁኚ፣ መኮንንም ሁን፣ ከሳሽህ ዳኛ ፊት እስኪያቀርብህ ትቆማለህ። ጥሰህ ከሄድክ ደግሞ ቃሉን የሰማ ሁሉ አንተን የመያዝ ግዴታ አለበት፤ ያልያዘ አብሮ ይጠየቃል። እኔ በዚህ ያደግሁ ነኝ። እግሬ ሳያማክረኝ ቆመ። አንድ እግሬ ውሃ ውስጥ፣ አንዱ ዳር ላይ፣ ደርቄ ቀረሁ። ሰዉም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከላይ፣ ከጭጋጉ ውስጥ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ሰማሁ። ሩቅ ነው። ቷ፣ ቷ አለና ቆመ። እኔ ብቻ የሰማሁት መሰለኝ። እግሬ ሥር ያለችው ውሃም ጭራሽ ቀጠነች፤ ዓይኔ እያየ የጣቶቼ መሐል ደረቀ።

ልጄ እዚያ ናት። ሮጬ ልጎትታት ብል ጭቃ ሹሙ በመሐል ቆሟል፤ ሁለት ርምጃ ሳልሄድ እዚያው ድንጋዩ ላይ ይዘውኝ ክርክር ይጀመራል፤ ክርክሩ ሳያልቅ ይመጣብናል። ታዲያ ምን ላድርግ? እግዜር ነው ያመለከተኝ፣ እንጂ እኔማ ያን ያህል ብልህ አይደለሁም። ቢይዙኝስ? ሁሉም ሊይዘኝ ቢወጣስ?

«አልቆምም!» አልኩ። ጉሮሮዬ እስኪቀደድ ጮህኩት። «በንጉሥ አምላክ ብትለኝም አልቆምም! ንጉሡ ራሳቸው ቢመጡ አልቆምም! ወንድ ከሆናችሁ ያዙኝ!»

አጥቢያው ክው አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ ወጥቶ አያውቅም። ዞሬ ሽቅብ ሮጥኩ።

«ያዟት!» አለ ጭቃ ሹሙ። «በንጉሥ አምላክ ያዟት!»

መጡ። እሰይ! ዞር ብዬ ሳይ ወንዱ ከነርጥብ ቁምጣው፣ ሴቱ ቀሚሱን ሰብስቦ፣ አልታየች በባሏ ስም ተቆጥታ ከፊት፣ አባም መስቀላቸውን ይዘው ከኋላ፣ ሁሉም ከወንዙ እየወጣ ነው። ሕፃናቱም አንቀርም ብለው ተከትለዋል። ድንጋይ ወረወሩብኝ፤ አንዱ ትከሻዬን መታኝ። የዚያን ዕለት የተወረወረብኝ ድንጋይ ይባረክ። ና፣ ተከተለኝ እላለሁ በሆዴ፤ ተናደድ፣ ሩጥ! የኔ ልጅም እናቷን ሊደበድቡባት ነውና እየጮኸች ትከተለኛለች አልኩ። ደካማ ብትሆንም ትወጣለች አልኩ። በዚያ ነው የተማመንኩት።

አፋፉ ላይ፣ ቤቴ አጠገብ ካለች ማሳ ጫፍ ያዙኝ። አንዱ ክንዴን ጠመዘዘኝ፣ አልታየች ፀጉሬን ጨመደደችኝ። በደረቴ ተደፍቼ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። መጀመሪያ የሚያሯሩጡኝ ሰዎች እግር መሰለኝ። ግን ሁሉም ቆመዋል።

ከዚያ መጣ። ውሃ አትበሉት፤ ውሃ አልነበረም። ከጭጋጉ ውስጥ ጥቁር ነገር ብቅ አለ፤ ቤት የሚያህል ቋጥኝ ከነጉቶው፣ ከነገብሱ፣ ከነጭቃው ተንከባለለ። ሽታው ቀድሞ ደረሰ። ከገደል ገደል እየተላተመ መጠመቂያው ላይ ሲደርስ የሩፋኤልን ድንጋይ ዋጠው፤ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ላይ ዛፎች ቆመው ሲሽከረከሩ አየሁ። የአልታየች እጅ ከፀጉሬ ላይ ላላ። አባ በጉልበታቸው ወደቁ።

ተነሣሁና ሰዉን ማየት ያዝኩ። ፊት ለፊት እየዞርኩ እያንዳንዱን አየሁ። ነፍሰ ጡሮቹ አሉ፣ አንዷ በባሏ ጀርባ ላይ ናት። ለቴ የለችም።

«ለቴስ?» አልኩ። «ልጄስ?»

አንዲት ልጅ፣ «ጭቃ ሹሙ ያዟት» አለች። «እርስዎ ሲያመልጡ፣ ልጅቷ ዋስ ትሁን ብለው ልብሷን ከልብሳቸው ቋጠሩት።»

ይህም የዚያ ዘመን ሕግ ነው፤ ተከሳሽ እንዳያመልጥ ከሳሽ የጋቢውን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጫፍ ቋጥሮ እየመራ ይወስደዋል። ቁራኛ ነው የሚባለው። ወልደአረጋይ እግሩን ያመው ነበር፤ እኔን ሮጦ መያዝ አልቻለም። ስለዚህ ልጄን ቋጠራት። እዚያ ወንዝ ውስጥ፣ ሁሉም ወጥቶ ሳለ፣ ልጄን ከራሱ ጋር አሰራት።

ቁልቁል ወረድኩ። ሰዎች ሊይዙኝ ሞከሩ፤ ነከስኳቸው። ጭቃው ገና ይንፏቀቃል፣ ዳሩ እየተናደ ይወድቃል። ስሟን ስጠራ የራሴ ድምፅ ከገደሉ እየተመለሰ ይመጣል። ለቴ፣ ለቴ። ሞታለች ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ወደ ውሃው ልገባ ነበር፣ እውነቱን ልናገር።

«እማዬ» የሚል ሰማሁ።

ከዳሩ ከፍ ብሎ፣ ሳማ ውስጥ፣ በአንዲት የወይራ ጉቶ ላይ ተጠምጥማ ተኝታለች። እስከ ወገቧ ጭቃ ናት። ሆዷን ዳሰስኩ። እጄ ሥር ተራገጠ። ተራገጠ ስላችሁ! እዚያው ጭቃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እስክትረጋጋ ጠብቄ ጠየቅኋት። ጭቃ ሹሙ እየጎተተ ዳር አውጥቷት ነበር፤ እየተሳደበ። አቀበቱን እሷን አስቀድሞ ሲወጡ የናዳውን ድምፅ ሰሙ። እሷ ከፊት ናት፣ እሱ ከሥሯ። ሊያልፋት ቢፈልግ ይችል ነበር አለችኝ፤ ቢላዋም ታጥቆ ነበር፤ ቋጠሮውን ቆርጦ በሷ ላይ መረማመድ ይችል ነበር። «በትከሻው ገፋኝ እማዬ» አለችኝ። «ጉቶውን ያዢ አለኝ። ከዚያ ልብሴ ሳበኝ፣ ሳበኝና ጋቢው ተቀደደ።»

የነጠላዋን ጫፍ አየሁት። አልተፈታም። የጋቢው ቁራጭ አብሮት ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል።

ወልደአረጋይን ያገኙት የረሺድ ሰዎች ናቸው፤ በጩኸቱ ቅብብል ልጆቻቸውን አስወጥተው ነበርና አንድም ነፍስ አልጠፋባቸውም። ሬሳውን አጥበው፣ በንጹሕ አቡጄዲ ሸፍነው፣ ያን ሁሉ አቀበት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልን። ረሺድ ራሱ አንዱን ጫፍ ይዞ ነበር።

በሠልስቱ አልታየች ከቤቴ መጣች። ልትጣላኝ መስሎኝ ተነሥቼ ቆምኩ። እሷ ግን ለቴ አጠገብ ተቀመጠች። «አንቺ ነሽ ያየሽው» አለቻት። «እስረኛዬ እንዳታመልጥ ብሎ ነው የያዘሽ? ወይስ ሊያወጣሽ? ንገሪኝ፣ በእመቤቴ።»

ለቴ፣ «ገፋኝ» አለች። «ሌላ አላውቅም። ወደ ላይ ገፋኝ።»

አልታየች ብዙ አለቀሰች። በመስከረም መንገዱ ሲደርቅ ብርሃነ መስቀል መጣ፤ ኮሶ አፋፍን ያን ሁሉ ቁስል አይቶ አፉን ያዘ። ትእዛዝም ወረቀትም አላስፈለገውም። አልታየች ራሷ ችካሎቹን ከበሬዎቹ ፈትታ ተሸክማ ወጣች፤ እኛም ድንጋይ ተሸክመን ተከተልናት። ኮሶው ዛሬ ሰው ያስጠልላል። የለቴ ልጅ በመስቀል ማግስት ተወለደ፣ ወንድ ነው፣ ባለጌ ነው፣ እኔን ነው የመሰለው።

እኔ ግን አዲስ ሳንቃ ተተክሎልኝም፣ ጠዋት ጠዋት ከመውረዴ በፊት ጆሮዬን እጥላለሁ። ወንዙ ካገሳ እፎይ እላለሁ። ጸጥ ካለ ቀድሞ የሚታየኝ ያ ቋጠሮ ነው። ከነጠላው ቆርጬ ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። ልፈታው ብዬ ብዙ ጊዜ ይዤው ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ጣቴ አልታዘዝ ይለኛል። ያን ሰው ጠልቼዋለሁ። ተራራውን የገደለው እሱ ነው፤ አሁንም እላለሁ። ግን የንጉሥ ስም ጥሼ የሮጥኩት እኔ ነኝ፤ ከሳሼ እሱ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ማንም አልከሰሰኝም። ምነው በሕይወት ወጥቶ፣ ያንን ጋቢውን ከቀሚሴ ቋጥሮ፣ እየሰደበኝ፣ በከዘራው እየነካካኝ፣ ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ድረስ በእግሬ በነዳኝ።